አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ

ሰኞ፣ 4

ዛሬም አንዷ። ገና በጠዋቱ፣ ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ። «ሲስተር፣ ሌሊት ተረኛ ነበርሽ እንዴ? ደክሞሻል።» ተረኛ! ይህ የውበት ክሊኒክ ነው፤ ሌሊት ከዘበኛው በቀር ማንም አያድርበትም። ጠግቤ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ባለፈው ሳምንትም ሦስት ሰው እንዲሁ ብሎኛል። ፈገግ ብዬ «አይ፣ ዓይኔ ነው» አልኳት። ዓይኔ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ደሜ ፈላ።

የላይኛው የዓይን ቆቤ ወርዷል፤ አልክድም። ትርፍ ቆዳው ሽፋሽፍቴ ላይ ተቀምጧል። እናቴም በአርባ ስምንት ዓመቷ እንዲሁ ነበረች። እሷን ግን ማንም ተረኛ ነበርሽ ብሎ አልጠየቃትም።

ከሰዓት ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝ። አስራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ሲያቆላምጠኝ የሆነ ነገር ፈልጎ እንደሆነ አውቃለሁ። «የኔ እህት፣ አንቺ እኮ የዚህ ቤት ፊት ነሽ። ሰው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነው። ለምን አንሠራልሽም? በነፃ። እኔ የምፈልገው ከመሠራትሽ በፊትና በኋላ ሁለት ፎቶ ብቻ፤ ለእንግዳ ማረፊያው ግድግዳ።»

አስብበታለሁ አልኩት። ሳስብበት ሁለት ዓመቴ ነው።

ለውበት አይደለም። ይህን እዚሁ ልጻፈው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኛል፤ ለማየት ቅንድቤን ስሰቅል እየዋልኩ ግንባሬን ያመኛል። ለውበት አይደለም።

ሐሙስ፣ 7

ለባሌ ነገርኩት። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያስደነግጠው ስለሚውል ቤት ሲገባ በቀላሉ አይደነግጥም። «ፊትሽ ምን ጎደለው?» አለኝ።

«አልጎደለም፤ ተርፎ ነው።»

«እኔ እኮ ያገባሁሽ ከነትርፉ ነው።» ብቻውን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ባል ሆኖ አለማየት ቀላል ነው።

ዛሬ አንዲት ታካሚ «ምን ልጠብቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ ደረደርኩላት። እንደተቀመጡ ዶክተሩ ቆዳዎ ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል። ከዚያ ይተኛሉ፤ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋሉ፤ ትንኝ እንደነከሰዎ ይቁጠሩት። ትርፉ ቆዳ ይወጣል፣ ይሰፋል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ያልቃል። ነቅተው ስለሚሠሩ አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ። ሁለት ቀን በረዶ ይይዙበታል። ትራስ ደርበው ቀና ብለው ይተኛሉ፤ ጎንበስ አይሉም፣ ከባድ ዕቃ አያነሱም። በሳምንቱ ስፌቱ ይወጣል። እብጠቱና መበለዙ በሁለት ሳምንት ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ዓይንዎ አልገጥም ሊል ይችላል፤ ጊዜ ይስጡት፣ ይመለሳል። ጠባሳው እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል።

ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችኝና «አንቺስ ተሠርተሻል?» አለች።

«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ። በቃ፣ ተወሰነ።

ሰኞ፣ 11

ፎርሙን ድንቢጥ አመጣችልኝ። ድንቢጥ የምንላት ትንሿን ነርሳችንን ነው፤ ስትሮጥ እግሯ መሬት አይነካም፣ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ፣ ቀጠሮ እየሰጠሁ፣ ቆሜ ሞላሁት። ግፊት፣ የለም። ስኳር፣ የለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የለም። የዓይን ድርቀት፣ የለም። ለስንቱ ታካሚ እንዲህ ሞልቻለሁ! ወረፋው ሲረዝም እኔው አነባለሁ፣ እኔው «የለም፣ አይደል?» እላለሁ፣ እነሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ጠብታ ለኮምፒውተር ድካም ነው። ሰው ሁሉ ያደርጋል።

ማታ ልጄ «እማ፣ ምን ያህል ቆዳ እንደሚያወጣ ጠየቅሽው?» አለችኝ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሁሉን ነገር አንብባ ነው የምትመጣው። «አስራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ሄዳ በሯን ዘጋች።

አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ፣ 14

አለቀ። ዓይኔ ላይ ቅባት ስላለ ሁሉም ነገር ደብዛዛ ነው። መስመር እስታለሁ።

ትንኝ ያልኩበትን አፌን በቆረጠው። ተርብ ነው። አራት ጊዜ።

የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የራሴ ቆዳ ነው። ይህን ለአንድ ታካሚ እንኳን ነግሬ አላውቅም።

እዚያው ተኝቼ አንድ ነገር ተባለ። ሆድ ይፍጀው።

አርብ፣ 15

በረዶ። ቅባት። በረዶ። ሁለቱም ዓይኔ አብጦ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። ባሌ ዛሬ ሥራ አልገባም። «ጎረቤት ካየሽ ፖሊስ የሚወስደው እኔን ነው» አለ። ልስቅ ስል ስፌቱ ሳበኝ፤ ሰደብኩት።

እሑድ፣ 17

ብልዘቱ ጉንጬ ላይ ወርዷል። የሚጠበቅ ነው። ቀኝ ዓይኔ ሊከፈት ጀምሯል።

ልጄ ኮሪደር ላይ ስልክ እያወራች ሰማኋት። «የተገረመች ነው የምትመስለው። ሳህን አምጪልኝ ስትለኝ እንኳን እንደተገረመች ነው።» ሳቋን አፍና ነበር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግራውን ግን እንጃ» አለች።

ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ስነቃ ባሌ ከፊቴ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። የማስተማሪያ መኪናው ፍሬን እንቢ ያለው ዕለት የነበረው ፊት ነው ያለው።

«ነቅተሽ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር።»

«ግራ ዓይንሽ ክፍት ነው እኮ። ነጩ ይታያል። ስጠራሽ አትሰሚም።»

መጀመሪያ ላይ ያለ ነው፣ ይመለሳል አልኩት። ድምፄ የፊት ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሲስተር ድምፅ ነው። ራሴን ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ 19

ይቆጠቁጣል። አሸዋ የገባበት ይመስል። ጠብታ በየሁለት ሰዓቱ።

የለም፣ በየሰዓቱ።

ሐሙስ፣ 21

ስፌቱ ወጣ። ድንቢጥ ናት ያወጣችልኝ፤ እጇ ቀላል ነው፣ ግን ቃል አልተናገረችም። ሌላ ጊዜ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ አከራይዋ ሳታወራ ክር አትቆርጥም።

ዶክተሩ ካሜራውን ይዞ ገባ። «ማለፊያ! ማለፊያ!» የ«በፊት» ፎቶዬ ሲነሳ አንዱ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ «ትንሽ ወደ ታች እዪ» ብሎኝም ነበር። ዛሬ ሁለቱም መብራት በርቷል፤ «አገጭሽን ቀና!» ብልሃቱን አውቀዋለሁ። ለሌሎቹ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ካነሳኝ በኋላ «ዝጊ» አለኝ። ዘጋሁ። ድንቢጥ ማስመሪያ አስጠጋች። ቀኙ ገጥሟል። ግራው ሦስት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል።

«ጊዜ ስጪው» አለ ዶክተሩ፣ ካሜራውን እያየ።

«ዶክተር፣ ሦስት እኮ ነው።»

«ሲስተር፣ አንቺም እንደ ታካሚ ልትሆኚብኝ ነው?» ሳቀና ወጣ። ታካሚ ነኝ! ታካሚ ካልሆንኩ ምንድን ነኝ? እዚያው ማለት ነበረብኝ። ታክሲ ውስጥ ነው ያልኩት፣ ለራሴ።

እሑድ፣ 24

ነፋስ። አቧራ። ከቤት አልወጣሁም፤ መስኮቱ ተዘግቶም ግራ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ያለቅስና ይደርቃል።

ያቺ ልብስ ሰፊ ዛሬ ትዝ አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እኛ ጋ የተሠራች ሴት ናት። ምን እንዳስታወሰኝ እንጃ። የማይረባ ነገር።

ረቡዕ፣ 27

ሥራ ገባሁ። «ውይ ሲስተር፣ አምሮብሽ! አስር ዓመት ነው የቀነሰልሽ!» አንዷ ጨብጣኝ ለቃ አልጨረሰችም፣ ሌላዋ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳኛለች። ከፈገግታዬ ጀርባ ዓይኔ እሳት ነው። ስናገር ጨፈን አድርጌ ልገልጠው እሞክራለሁ፤ እሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል።

ፎቶዎቼ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ከመስተዋቱ ጎን፣ በትልቁ። ዓይኔ ተገልጦ ስለተነሳሁ አለመዝጋቱ አይታይም።

እስከ ምሳ ድረስ አራት ሴት ቀጠሮ ያዘች። አራቱም ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው «እንደሷ» አሉ። መዘገብኳቸው። በዚህ እጄ።

ቅዳሜ፣ 30

ልጻፈው። ተቀብሮ ሊቀር አልቻለም።

የኦፕሬሽኑ ቀን ቀኙ አልቆ ግራው ተጀምሮ ነበር። ዶክተሩ ቅድም ካሰመረው መስመር በላይ በመቆንጠጫው ያዘኝ፤ አይሰማኝም፣ ግን ጥላው ይታየኛል። «ትንሽ ጨመር ላድርግላት» አለ። «ልዩነቱ ፎቶው ላይ ይጉላ።» ቃል በቃል። ድንቢጥ «ዶክተር፣ መስመሩን አለፈ እኮ፤ አይበቃም?» አለች። ያቺ ልጅ! ገና ሁለት ዓመት ያልሠራች! እሱ «አንቺ መቀሱን አቀብይ» አለ። ከዚያ የመቀሱ ድምፅ።

እኔስ? ነቅቼ ነበር። ምላሴ አልደነዘዘም። «ተው» ማለት ሁለት ፊደል ነው። ለምን አላልኩም? አስራ አንድ ዓመት ለሰው «አይናገሩ፣ አይንቀሳቀሱ» ስል የኖርኩ ሴት፣ እዚያ ተኝቼ ጎበዝ ታካሚ ልሆንለት ነበር። ከንፈሬን ገጥሜ። ሲጨርስ «ከሁሉ ያላስቸገረችን አንቺ ነሽ» አለኝ፤ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ይህን ስጽፍ ደብተሩን መቅደድ ያምረኛል።

ከዚያም ፎርሙ አለ። ስለ ፎርሙ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ 3

ጠዋት ስነሳ በግራ በኩል መስኮቱ የለም። ነጭ ጭጋግ ብቻ። ሕመሙ ጥርሴ ድረስ ወረደ። ባሌ ተማሪውን መንገድ ላይ አውርዶ ሆስፒታል አደረሰኝ፤ ሃያ አምስት ዓመት ቀይ መብራት ጥሶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ሁለት ጣሰ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋልኝ በሰማያዊ መብራት አየችኝና ነገረችኝ። ብሌኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለው የዓይኔ ፊት ደርቆ ቆስሏል፤ ቁስሉ መካከሉ ላይ ደርሷል። ካልተሸፈነ ማየቱን አጣለሁ። ተኝቼ ሳድር ቆቡ በፕላስተር ይዘጋል፤ በየሰዓቱ መድኃኒት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከጆሮዬ ጀርባ ቆዳ ተወስዶ የተቆረጠው ቦታ ላይ ይተከላል። ያወጡልኝን ሊመልሱልኝ ነው።

«ከዚህ በፊት የዓይን ድርቀት ነበረብዎት?»

«አዎ። ሁለት ዓመት።»

«ከመሠራትዎ በፊት ጠይቀውዎት ነበር?»

«አልጠየቁኝም» አልኳት።

ያንን ፊቷን አልረሳውም። በኔ ቦታ ሆና ተናደደችልኝ። «እንዴት አይጠይቁም! ይህማ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው!» ብላ ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ባሌ አጠገቤ ቆሞ «ወንበዴዎች!» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

አርብ፣ 6

ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ፤ ሳላንኳኳ። ዓይኔ ላይ ፕላስተር አለ።

«መስመሩን አልፈህ ቆረጥክ። ለፎቶ ብለህ። ሰምቼሃለሁ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሳቢያውን ከፍቶ ፋይሌን አወጣ፤ አዘጋጅቶት ነበር። ጣቱን «የዓይን ድርቀት» የሚለው ላይ አሳረፈ። የለም። የኔ ምልክት፣ የኔ ፊርማ። «ሲስተር፣ ይህን ፎርም ለሌሎች የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። ደርቆ የኖረ ዓይን መሆኑን ብትነግሪኝ እነካሽ ነበር? እኔን ነው ወይስ ራስሽን የምትከሺው?»

እውነቱን ነው። አንጀቴን ያሳረረውም ይሄ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ውሸታምም ነው።

ድንቢጥ መሣሪያ የያዘ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አንቺ ነበርሽ» አልኳት። «ምን ነበር ያለው?» መቀሶቹን አየች። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። «አላስታውስም፣ ሲስተር» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

በሩን ደርግሜው ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዬን ለማውረድ ጫማዬን አውልቄ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ በብሎን የታሰረ ነው። ታካሚዎቹ ሁሉ እያዩኝ ወረድኩ።

ሰኞ፣ 9

በድንቢጥ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ፈሪ፣ አድርባይ፣ ስላት። ዛሬ ንዴቱ አለቀብኝና ስር ያለውን አየሁት።

ልብስ ሰፊዋ። ከሦስት ዓመት በፊት ከተሠራች በኋላ አራት ጊዜ ተመልሳ መጥታ ነበር። ቀኝ ዓይኗ አልገጥም ብሎ። አራቱንም ጊዜ ጠረጴዛዬ ፊት አስቆምኳት። «ጊዜ ይስጡት» አልኳት፤ በሦስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሌሎቹ ታካሚዎች እንዳይሰሟት። አምስተኛ አልመጣችም። ዶክተሩ «ያቺ ሴትዮስ?» ሲለኝ «ሳትድን አትቀርም» አልኩት። ፋይሏ ላይም በእጄ ጻፍኩ፤ «ድናለች።» አላየኋትም። አልደወልኩላትም። ስላልመጣች ነው ድናለች ያልኩት።

ሐሙስ፣ 12

ሄድኩ። የምትሠራበትን ሱቅ አስታውሼ ነበር፤ ከገበያው ጀርባ፣ ጠባብ፣ ጨርቅ እስከ ጣሪያ የተከመረበት። የስፌት ማሽኗን ከበሩ አርቃ ወደ ጓዳው አስገብታዋለች፤ ነፋስ እንዳይነካት። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። አንገቷን ወደ ግራ ሰብራ ነው የምትሰፋው።

ስገባ ቀና አለች። «ሲስተር» አለች፤ በድምፄ ሳይሆን በቁመናዬ አውቃኝ።

«ዓይንዎ ተዘጋ?» አልኳት። ሰላም እንኳን ሳልላት።

መነጽሯን አወለቀች። ብሌኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተኝቷል። «አይዘጋም። በዚህኛው ብርሃን ብቻ ነው የማየው» አለች። ከዚያ የኔን ፕላስተር አየች። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትስቅ ይቀለኝ ነበር። ወንበር ላይ ያለውን ጨርቅ አንስታ «ተቀመጪ፣ አቧራው ይጎዳሻል» አለችኝ። በሩንም ገርበብ አደረገችው።

ሁሉንም ነገርኳት። ፎቶውን፣ መቀሱን፤ አብረን ብናመለክት፣ ሁለት ሰው ከሆንን፣ እንደሚሰሙንም። ሰማችኝ። እጇ ክር እየጠቀለለ ነበር።

«ፋይሌ ላይ ምን ተጽፏል?»

«ድናለች» አልኳት።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ክሩን አስቀመጠች። መቼም እንደዚያ ያየኝ ሰው የለም። «አራት ጊዜ ቆሜ ለመንኩሽ እኮ» አለች። «ሰው ፊት ጮህሽብኝ። ጥፋቱ የኔ እየመሰለኝ ነው የቀረሁት። ዛሬ የራስሽ ሲሆን መጣሽ።»

«እውነትዎን ነው።»

«እውነቴን እንደሆነማ አውቃለሁ!» ጠረጴዛውን መታችው፤ መርፌዎቹ ዘለሉ። ክሩን መልሳ አነሳች። «አብሬሽ እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ የራስሽን ጻፊ። ከሱ በፊት። ከላይ።»

ረቡዕ፣ 18

የዓይኔ ቁስል ሽሯል። ጠባሳ ጥሎብኛል፤ ፊደል በግራ ዓይኔ አላነብም፣ የሰው ፊት ግን አያለሁ። ቆዳው የሚተከልበት ቀን ተቆርጧል። ሐኪሟን «ጠይቀውኝ ነበር፤ የለም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ወረቀቱ ላይ የጻፈችውን ሰረዘች። ለሁለተኛ ጊዜ አልተናደደችልኝም።

ደብዳቤውን ልጄ ጻፈችልኝ፣ እኔ እየነገርኳት። ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ፣ «ሳላያት ድናለች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ፣ እጇ ቆመ። «እማ፣ ይሄ ይግባ?»

«ይግባ።»

«ፈቃድሽን ይነጥቁሻል እኮ» አለ ባሌ ከበሩ። «ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሽበትን! እሱ ቆርጦ አንቺ ትባረሪ?»

«ይግባ አልኩ!» ጮህኩ። የጮህኩት በነሱ ላይ አይደለም፤ አወቁት። ልጄ አጎንብሳ ጻፈች።

አርብ፣ 20

የጤና ባለሙያዎች አቤቱታ የሚቀርብበት ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ አይሠራም። ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ይዛ ወጣን፤ እሷ በግራዋ፣ እኔ በቀኜ እያየን። ይቅር አላለችኝም፤ አልጠየቅኳትምም።

በር ላይ ስንደርስ ድንቢጥ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳን አላወለቀችም። ደብዳቤውን እንደማስገባ ከልጄ ሰምታ ነው። ዓይኗ አብጧል። «ያለውን አስታውሳለሁ» አለች። እስካሁን የት ነበርሽ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አራት ጊዜ ጠረጴዛዬ ፊት የቆመችው ሴት ክንዴን ይዛኛለች። ዘጋሁት።

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ተቀበለች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ እንደገና ከላይ ጀመረች። መዝገቧን ከፈተች። በአንድ በኩል «አመልካች»፣ በሌላው «አቤቱታ የቀረበበት» ይላል።

«ይቅርታ እትዬ» አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ «የትኛው ጋ ልጻፍዎ?»

«ሁለቱም ጋ» አልኳት።